ሁዳዴ ላይ ታፓስ ይበላል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል። መስሪያ ቤቴ ለስልጠና ስፔን ሊልከኝ ነው፣ ማድሪድ ትንሽ ቆይተን ከዛ ሴቪያና ግራናዳ እንሄዳለን ተብሏል። ደስ ብሎኛል ግን ቀኑን ሳየው ሁዳዴ መሀል ላይ ወደቀ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ አሳማ ደሞ በፍስኩም አይነካም። የምጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ስፔን ተሂዶ ታፓስ፣ ያ ባር ውስጥ በትንንሽ ሳህን የሚቀርበው ምግብ፣ ሳይበላማ አይመጣም ይለኛል፣ እኔ ግን በድንች ጥብስና በደረቅ ዳቦ ከርሜ እንዳልመለስ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?
ጾመኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ ለጾመኛ ከስፔን የተሻለ የአውሮፓ ሀገር ብዙም የለም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ከሰዓቱ ልጀምር ምክንያቱም ግማሹ ጭንቀትሽ እዛው ያልቃል። ስፔኖች ምሳ የሚበሉት በኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ባለው ነው፣ አንቺ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትፈቺ ሀገሩ ገና ማዕድ ላይ ነው፣ ኩሽናውም ክፍት ነው። ብቻ እንዳትዘናጊ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ብዙ ቤት ኩሽናውን ዘግቶ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት መጠጥ ብቻ ነው የሚሸጠው። እራት ደሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከሄድሽ ቱሪስት ብቻ ነው የምታገኚው።

አበላሉ እንዲ ነው፣ ሜኑ ላይ አንዱን ምግብ በሦስት ዋጋ ታገኚዋለሽ፣ ታፓ የሚለው ትንሿ ሳህን ናት፣ ሜዲያ ራሲዮን ግማሽ፣ ራሲዮን ደሞ መሀል ተቀምጦ ለሁለት ለሦስት ሰው የሚሆን ነው። አንቺ በታፓ ሂጂ፣ እና እባክሽ አንድ ቤት ተጎልተሽ ሁሉንም አትዘዢ፣ የሀገሩ ሰዎች ራሳቸው አንድ ሁለት ነገር ቀምሰው ከፍለው ወደሚቀጥለው ነው የሚሄዱት፣ እያንዳንዱ ቤት የሚታወቅበት አለውና። ያልጣመሽን ነገር ትንሽ ሳህን ስለሆነ ቢተርፍም አይቆጭም።

አሁን ወደ ከባዱ። ባር ስትገቢ ጣሪያው ላይ የደረቀ የአሳማ እግር በረድፍ ተሰቅሎ ታያለሽ፣ ከእያንዳንዱ ስር የሚንጠባጠበውን ስብ የምትቀበል የተገለበጠች ጃንጥላ የመሰለች ትንሽ ፕላስቲክ ተሰክታለች። ኻሞን የሚሉት እሱን ነው። ችግሩ ለብዙ አስተናጋጅ ኻሞን ከሥጋ አይቆጠርም፣ እንደ ማጣፈጫ ነገር ነው የሚያየው፣ ስለዚ "ሲን ካርኔ" ማለትም ያለ ሥጋ ብለሽ አዝዘሽ አትክልቱ ላይ ኻሞን ተበትኖበት ቢመጣ ሰውዬው ተንኮል አስቦ አይደለም። በስም በስሙ ጥሪው፣ ሲን ኻሞን፣ ሲን ቾሪሶ (የአሳማ ቋሊማ)፣ ሲን ቶሲኖ (የአሳማ ጮማ)፣ ሲን ማንቴካ። ይቺ ማንቴካ የምትባለው የአሳማ ስብ ናት፣ ቅቤው ማንቴኪያ ነው፣ ለአንቺ ሁለቱም አይሆኑም። እንቁላል ሁዌቮ፣ ወተት ሌቼ፣ አይብ ኬሶ። ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ማሳየት ከሁሉም ይቀላል።

ምስር ወይም ባቄላ አየሁ ብለሽ ደስ አይበልሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ቾሪሶ አለ። ክሮኬታ የሚባለውን እርሺው፣ ውስጡ ወተት ነው። ሳልሞሬኾ ግን አለ፣ የኮርዶባ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፣ ከላይ የሚበትኑበትን እንቁላልና ኻሞን አስቀርተሽ ስታዢው ጥርት ያለ የጾም ምግብ ነው።

ሴቪያ ስትደርሺ ደሞ ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ የሚሉት እንዳያመልጥሽ። ስፒናችና ሽንብራ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በፓፕሪካ ተሠርቶ የተጠበሰ ዳቦ ተፈጭቶ ገብቶበት ወፈር ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለእኔ የከተማው ምርጥ ታፓ እሱ ነው፣ ኻሞኑን የወደደ ይውደድ። ኤል ሪንኮንሲዮ የሚባል ከ1670 ጀምሮ ያለ ቤት አለ፣ እዛ ቆመሽ ከበላሽ ሂሳብሽን ባንኮኒው እንጨት ላይ በቾክ ነው የሚጽፉልሽ፣ ስትከፍዪ በጨርቅ ጥርግ። ሲበዛ ይጨናነቃል፣ ገና ሲከፍት ድረሺ።

ግራናዳ መጠጥ ስታዢ ታፓው በነፃ ነው፣ ለስላሳም ብታዢ ብዙ ቤት ይመጣልሻል። ነፃ ስለሆነ ግን ምን እንደሚመጣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ቤቱ ነው፣ ስለዚ ገና መጠጡን ስታዢ ተናገሪ፣ ከመጣ በኋላ መከራከር ሰውን ማስቸገር ነው። የተጠበሰ ደበርጃን በሸንኮራ አገዳ ሽሮፕ አላቸው፣ በጣም ይጣፍጣል፣ አንዳንዱ ቤት ግን መጀመሪያ ወተት ውስጥ ይዘፈዝፈዋልና ጠይቂ። የማትጠጪ ከሆነ ሞስቶ በይ፣ ማድሪድ ላይ አልኮል የሌለው የወይን ጭማቂ ነው። ሴቪያ አካባቢ ግን ሞስቶ ሲሉ አዲስ የተጠመቀ ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላልና እዛ አጣሪ።

ፓታታስ ብራቫስ የሚሉት ድንች ቀይ ስጎው ብቻ ከሆነ ስጎው በምን እንደተሠራ ጠይቀሽ ብዪ፣ ነጭ ነገር ከፈሰሰበት አሊዮሊ ነው፣ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ፒሚየንቶስ ዴ ፓድሮን ደሞ በዘይት ተጠብሳ ጨው የተነሰነሰባት ትንሽ አረንጓዴ ቃሪያ ናት፣ አልፎ አልፎ አንዷ ታቃጥላለች ብለው ያስፈራሩሻል፣ ለኛ ሰው ምኗም አይደለች።

አንድ ማታለያ አለ። ወቅቱ የነሱም ጾም ስለሆነ "ኩዋሬስማ" የሚል ሜኑ ታያለሽ፣ የጾም ነው ብለሽ ዘው እንዳትዪ። የነሱ ከሥጋ መከልከል ነው፣ ያውም በዋናነት ዓርብ ዓርብ፣ ዓሳውም እንቁላሉም ወተቱም ይበላል። ፖታኼ የሚሉት የሽንብራና የስፒናች ወጥ ባካላው ዓሳ ገብቶበት ከላይ የተቀቀለ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፣ ቶሪኻስ የሚባለው ጣፋጭም ወተትና እንቁላል ነው። የዓሳውን ጉዳይ ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው፣ እኔ አልገባበትም። ማምሻውን ከራበሽ ቹሮ አለ፣ ሊጡ ዱቄት ውሃና ጨው ነው፣ አብሮት የሚመጣው ቸኮሌት ግን ብዙ ቦታ በወተት ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት ሳን ሴባስቲያን ሄደን ነበር፣ በድጋሚም ልንሄድ ነው። ባንኮኒው ሙሉ ምግብ ተደርድሮ ሰው እያነሳ ይበላል፣ እኛ ሌባ እንዳንባል ፈርተን ቆመን አየን። ደሞ ሰዎቹ ሶፍት መሬት ላይ ይጥላሉ!
ዓይን አፋሮቹ

መልስ፦ ፒንቾ ነው እሱ፣ የባስኮች፣ የሰሜን ስፔን ሰዎች ታፓስ በሉት። ሳህን ጠይቃችሁ ተቀበሉ፣ ከዛ አንሱ ካሏችሁ አንሱ፣ አንዳንድ ቤት ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያነሳላችሁ። ብዙዎቹ በስንጥር የተወጉ ናቸው፣ ስንጥሩን አትጣሉት፣ አንዳንድ ቤት ሂሳብ የሚሠራው እሱ ተቆጥሮ ነው። ከሁሉ በፊት ኺልዳን ቅመሱ፣ አንድ ስንጥር ላይ ወይራ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያና ጨዋማ አንቾቪ ዓሳ ነው፣ አንድ ጉርሻ ናት። ግን በኔ እምነት ባንኮኒው ላይ ያለው የዓይን ምግብ ነው፣ ጥሩው ጥሩው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ነው፣ እሱ ስታዙት ነው ከኩሽና ትኩሱን የሚሠራላችሁ። ሶፍቱ የድሮ ባሮች ልማድ ነው፣ እየቀረም ነው፣ ሌሎቹ ደንበኞች ካልጣሉ አትጣሉ። ቲፕ ግዴታ አይደለም፣ ሳንቲም ትታችሁ ብትወጡ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ከዱባይ ከጓደኞቼ ጋር አንዳሉሲያ፣ ደቡብ ስፔን፣ ልንሄድ ነው። ሀላል ታፓስ የሚባል ነገር አለ?

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። ግራናዳ ካልዴሬሪያ ኑዌቫ የሚባለው መንገድ ላይ የሞሮኮ ሻይ ቤቶች አሉ፣ ማድሪድ ከሄዳችሁም ላቫፒየስ ሰፈር ሀላል የሚል ምግብ ቤት አታጡም። ተራ ባር ውስጥ ግን ከአሳማው ሌላ ወይን ጠጁን ተጠንቀቁ፣ እንጉዳዩም ሥጋውም ላይ ይጨምሩታል፣ "ሲን ቪኖ" በሉ። ሴቪያ ላይ ሶሎሚዮ አል ዊስኪ የሚባል አለ፣ አሳማ በዊስኪ፣ ሁለቱንም በአንድ ሳህን። አትክልት ስታዙ ኻሞን የተጠበሰበት ምጣድ ላይ እንዳይሆን ጠይቁ። እኔ ብሆን ወደ ማላጋ ባህር ዳርቻ ነበር የምወርደው፣ አሮጌ ጀልባ አሸዋ ሞልተው እንጨት ያነዱበትና ሰርዲኑን በሸንበቆ ሰክተው እሳቱ ዳር ያቆሙታል፣ ጨው ብቻ ነው የሚገባበት፣ በእጅ ነው የሚበላው። በነሱ ሰመር ሂዱ፣ ሰርዲኑ የሚሰባው ያኔ ነው።