ማየት የተሳናት ተማሪ ታይትሬሽን እንዴት ትሥራ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አስተማሪ ነኝ። ማየት የተሳናት ተማሪዬ ጓደኞቿ ሲሠሩ ውጤት ከመመዝገብ ያለፈ ድርሻ የላትም። ታይትሬሽንን፣ ማለትም ቤዝ በጠብታ እየጨመሩ የአሲድን መጠን የመለካት ሥራን፣ ራሷ እንድትሠራ ምን ላዘጋጅላት?

መልስ፦ ቢዩሬቱን (ፈሳሽ በጠብታ የሚለቀቅበትን ባለ መስመር የመስታወት ቱቦ) ይተዉት፤ ንባቡ ዓይን ይፈልጋል። ቤዙን ጠብታ በሚያወጣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ በሚናገር ሚዛን ትመዝነው። ልዩነቱ የፈሰሰው መጠን ነው። 0.1 ሞላር በሆነ (በቀጠነ) ፈሳሽ 1 ግራም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ይጠጋል፤ ለትክክለኛ ስሌት በእፍጋቱ ይካፈል። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃል፤ እንዲያውም ከብዙ ተማሪዎች የቢዩሬት ንባብ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ማብቂያውን የሚያሳየውን የቀለም ለውጥ የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ይተካዋል፤ ንባቡን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው በስክሪን አንባቢ ያሰሙ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፒኤቹ በድንገት ይዘላል፣ መለኪያው ግን ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ ንባቡ እስኪረጋ ትጠብቅ። ማግኔታዊ ማማሰያው ሳይቋረጥ ይዙር፤ የኤሌክትሮዱን (ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን የመለኪያውን ዘንግ) ጫፍ እንዳይመታ ግን ኤሌክትሮዱን ከፍ አድርገው ያያይዙት፣ መስታወቱ ስስ ነው።

ዕቃዎቹን ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ በቋሚ ቦታ ያስቀምጡ። የብሬይል መለያው ፕላስቲክ ይሁን፤ ወረቀት ሲረጥብ ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ረዳት ካለ እሷ ያዘዘችውን ብቻ ይሥራ። መመሪያውን ቀድመው ይላኩላት፤ በምስል የተለጠፈ ቀመር ግን ስክሪን አንባቢው አያነበውም።