ሰባት ጅምር ልቦለድ፣ አንድም መጨረሻ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከሃይስኩል ጀምሮ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ሰባት ልቦለዶች አሉ፤ ሁሉም ምዕራፍ ሦስት ወይም አራት ላይ ቆመዋል። ጓደኞቼ ተሰጥኦ አለሽ ይሉኛል። የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ ልውሰድ? ወይስ ይሄ ነገር በትምህርት አይመጣም? (ጀማሪዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የብዕር ስምሽን ስትመርጪ አልተሳሳትሽም። አትቀየሚኝ፣ እኔም በጅምር የታወቅኩ ሰው ነበርኩ።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ለምን እንደሚቆም ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው፤ ሴትዮዋን አስተዋወቅሽ፣ ቤቷን ገለጽሽ፣ ዝናቡንም አዘነብሽ። ከዚያ አንድ ነገር መፈጠር አለበት። ሴትዮዋ ምን እንደምትፈልግና ማን ወይም ምን እንደሚከለክላት ካላወቅሽ ታሪኩ መሄጃ ያጣል፣ አንቺ ደግሞ "ሙዱ ጠፋብኝ" ብለሽ አዲስ ፋይል ትከፍቻለሽ። ሙዱ የትም አልሄደም። የጠፋው ግጭቱ ነው።

ስለዚህ ሰባቱንም ለጊዜው ተያቸው። ከ1,000 እስከ 1,500 ቃል የሚሆን አንድ አጭር ልቦለድ ጻፊ፣ ቢያስጠላሽም ጨርሺው። አሥር አጭር ልቦለድ የጨረሰ ሰው አሥር ጊዜ መዝጋትን ተለማምዷል። አንቺ ሰባት ልቦለድ ይዘሽ አንድም ጊዜ አልዘጋሽም። ከጨረስሽ በኋላ ሁለት ሳምንት አታንብቢው። ከዚያ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው፤ በተለይ ምልልሱን። ሰው እንደዚያ እንደማያወራ ጆሮሽ ወዲያው ይነግርሻል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ደግሞ ሸፍነሽ ሞክሪው። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንቀጽ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው ጸሐፊው ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው።

ወደ ኮርሱ እንምጣ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት አብዛኛው የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ዓይነት ዎርክሾፕ ነው። አሠራሩ ተአምር የለውም። የክፍል ጓደኞችሽ ጽሑፍሽን ቀድመው ያነባሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ይወያዩበታል፣ አንቺ በተለመደው ደንብ ዝም ትያለሽ። ዝምታው ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው፤ መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢው አጠገብ ቁጭ ብለሽ "እዚህ ጋ ማለት የፈለግኩት…" ልትይው አትችዪም። ኮርስ ቀነ ገደብና አንባቢ ይሰጥሻል። ገንዘቡና ጊዜው ካለሽ ጥሩ ነው። ከሌለሽ ሦስት የሚጽፉ ሰዎች ፈልጊና ያንኑ አድርጉ። "ተሰጥኦ አለሽ" የሚሉሽን ጓደኞች ግን ለሌላ ጉዳይ አቆዪያቸው። "ወደዳችሁት?" ብለሽ አትጠይቂ፣ የሚወድሽ ሰው መልሱ የታወቀ ነው። የት ጋ ሰለቻችሁ፣ የት ጋ ግራ ገባችሁ ብለሽ ጠይቂ።

በዚህ መሃል የምትወጂውን አንድ አጭር ልቦለድ ወስደሽ እንደ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ፍቺው። ችግሩ ስንተኛው መስመር ላይ መጣ? ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው በምን ተሻገረ? ምን ሳይነግርሽ ቀረ? አንዱን ገጽ በእጅሽ ገልብጪው፤ ሲያነቡ የሚታለፍ ነገር ሲገለብጡ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አንድ አሳታሚ ረቂቄን በጣም እንደወደደው ነገረኝ፣ ቀጥሎ ግን የማሳተሚያውን ወጪ እንድሸፍን ጠየቀኝ። ደግሞም ሐሳቤን ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ መምህር፣ ምንም ከመፈረምዎ በፊት ቆም ይበሉ። በተለመደው አሠራር የአርትዖቱን፣ የሽፋኑንና የኅትመቱን ወጪ የሚችለው አሳታሚው ነው፤ ለእርስዎም ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። ገንዘብ ከእርስዎ ወደ እሱ የሚሄድ ከሆነ እርስዎ ደንበኛ ነዎት። ደንበኛ መሆን ነውር የለውም፣ በራሳቸው ወጪ አሳትመው የተሳካላቸው ብዙ ናቸው። የሚያናድደኝ አገልግሎት እየሸጡ "መርጠንዎታል" ማለቱ ነው። ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ማን እንደሚያከፋፍል፣ መብቱ በማን እጅ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ረቂቅዎን ይዘው ይመለሱ።

ስለ ስርቆቱ፣ የቅጂ መብት ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው እርስዎ የጻፉበትን መንገድ፣ ቃላቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውን የበርን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት በሚከተሉ አገሮች ይህ መብት ያለ ምዝገባ፣ ሥራው ሲፈጠር የሚገኝ ነው። ቀን ያለባቸውን ረቂቆችዎን ያስቀምጡ። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎትና፣ አርታኢዎች ሐሳብ አልቸገራቸውም፤ የቸገራቸው በደንብ የተጻፈ ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ታሪክ ለዘጠኝ መጽሔት ላክሁ፣ ዘጠኙም አልተቀበሉኝም። ልተወው? (ዘጠኝ ጊዜ)

መልስ፦ አሜሪካዊው የአስፈሪ ልቦለዶች ደራሲ ስቲቨን ኪንግ ገና ልጅ ሳለ የእምቢታ ደብዳቤዎቹን ግድግዳ ላይ በሚስማር ይሰካቸው ነበር። አንድ ቀን ሚስማሩ መሸከም አቃተውና በወፍራም ቀየረው። ዘጠኝ እኮ ለሚስማርም አይከብድም!

ግን ልጠይቅህ፣ መጽሔቶቹን አንብበሃቸዋል? ወይስ አድራሻ ሰብስበህ በአንድ ሌሊት ለሁሉም በተንሃቸው? እስከ 3,000 ቃል ለሚቀበል 6,000 ከላክህ ሳይነበብ ነው የሚመለሰው። አንዳንዶች ደግሞ ያው ጽሑፍ በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ ቦታ እንዲላክ አይፈልጉም፣ መመሪያቸውን እይ። አጃቢ ደብዳቤህ ከሦስት አራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ ታሪኩን እዚያ ውስጥ አትተርክ። ከዘጠኙ መልሶች ውስጥ ለሁሉም ከሚላከው ወጣ ብሎ ስለ አንተ ጽሑፍ አንድ መስመር የጻፈ አርታኢ ካለ፣ ቀጣዩን ሥራህን መጀመሪያ ለእሱ ላክ። የመልስ መልስ ግን አትጻፍ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ "አልገባህም" የሚል ደብዳቤ ለአንድ አርታኢ ልኬ፣ እስከዛሬ ሳስታውሰው ትራሴ ውስጥ መደበቅ ያምረኛል።

ጥያቄ፦ በስልክ መጻፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በየቀኑ ግን ለራስህ በኢሜይል ላከው። ስልኬ ሲጠፋ አርባ ገጽ አብሮ የጠፋብኝ ሰው ነኝ፣ ስልኩንስ ሌላ ገዛሁ።