ከወሊድ በኋላ ቲኤስኤች ከፍ ሲል፦ አዮዲን ልጀምር ለምትዪው እህቴ

«ከወለድኩ 6 ወሬ ነው፣ ቲኤስኤች 14 ወጣ፣ እናቴም እንቅርት ነበረባት፤ የአዮዲን ጠብታ ልጀምር?» ላልሽው፦ እባክሽ ጠብታውን ተዪው። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ያለ ዕጢ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ «ሥራ» ብሎ የሚያዝበት ሆርሞን ነው፤ ከፍ ሲል ታይሮይዱ ደክሟል ማለት ነው።

እንቅርት ሁሉ የአዮዲን እጥረት አይደለም። አራስ ላይ በብዛት የሚታየው የሰውነት መከላከያ የገዛ ታይሮይድ ዕጢውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣው ነው። በእርግዝና ጊዜ መከላከያው ጋብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ በኃይል ይመለሳል። ዕጢው ሲቆጣ መጀመሪያ ያጠራቀመው ሆርሞን ወደ ደም ይፈሳል፤ ያኔ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ኪሎ ይቀንሳል። ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት ይተካል። «የአራስ ድካም ነው» እየተባሉ ሳይመረመሩ የሚሸኙ እናቶች ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

በዚህ ዓይነቱ የታይሮይድ ጥቃት ሴቶች ከወንዶች በብዙ እጥፍ ይጠቃሉ። በቤተሰብ የታይሮይድ ችግር፣ ዓይነት 1 ስኳር ወይም ለምጽ ካለ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ መከላከያው ታይሮይድን እያጠቃ መሆኑን የሚጠቁመውን፣ አንቲ ቲፒኦ የሚባለውን የደም ምርመራ ሐኪምሽ ካላዘዘልሽ ጠይቂ።

አዮዲን ሲበዛ ጥቃቱን ያባብሳል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አዮዲን ያለው የወጥ ጨው ግን ለምታጠባ እናት ያስፈልጋል፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው።

ሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ኪኒን) ከታዘዘልሽ፦

1. ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ቡና ቀድሞ የሚፈላበት ቤት ከሆነ ኪኒኑን ትራስጌ አስቀምጪው።

2. ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን የአይረን እንክብል ከእሱ 4 ሰዓት አርቂ፤ ካልሲየምም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትውጪ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ ሳይገባ ይቀራል፣ ቲኤስኤች አልወርድ ይላል፣ መጠኑ በከንቱ ይጨመርልሻል። ድጋሚ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ገንዘብሽን አታባክኚ። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ውጤቱን ስለሚያዛባ ቢያንስ 2 ቀን ቀድመሽ አቁሚው።

ማጥባትሽን ቀጥዪ፣ መድኃኒቱ አይከለክልም። ሲሻልሽ ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ የብዙዎች ዕጢ በዓመት ውስጥ ይመለሳል፣ የአንዳንዶቹ ግን አይመለስም፣ ይህን የሚለየው ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ ሲቀንስ ነው። ሁለተኛ ልጅ ስታስቢም ከማርገዝሽ በፊት ቲኤስኤች ተለኪ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የሚያገኘው ሆርሞን ያንቺን ነው።