ለፍኖተ ሰላሟ እህቴ፦ ስሊቩን ተሠሪ፣ ወረቀትሽን ሳትይዢ ግን ዓባይን አትሻገሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። 112 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1.62 ነው፣ ስኳርና የጉልበት ሕመም አለብኝ ብለሻል። ሐኪም ስሊቭ፣ ማለትም ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰውን የውፍረት ቀዶ ጥገና፣ ተሠሪ ብሎሻል፣ አማትሽ ደግሞ «ያልታመመ ሆድ አይቀደድም» ብለው ይዘውሻል። ጾሙስ እንዴት ይሆናል ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ተሠርቻለሁ። 118 ነበርኩ፣ ዛሬ 80 ነኝ። ስለዚህ ስለ ስሊቭ በዝርዝር እያወራሁ አላደክምሽም። ሐኪም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

1. ተሠሪ። ቢኤምአይሽን፣ ማለትም ክብደትሽ ከቁመትሽ አንጻር ሲለካ የሚወጣውን ቁጥር፣ አስልቼዋለሁ፣ ከ42 በላይ ነው። ድሮ መስፈርቱ 40 ነበር፣ ስኳር ወይም ግፊት ላለበት ደግሞ 35። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 የዘርፉ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበራት ዝቅ አድርገውታል። አሁን 35 የሞላው ሁሉ ይመለከተዋል፣ ስኳር ያለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል። በየትኛውም ብትለኪው አንቺ ውስጥ ነሽ። «አፏን ብትዘጋ ይበቃት ነበር» የሚልሽን አትስሚ። ተቆርጦ የሚወጣው የጨጓራ ክፍል ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። እኔ ድሮ ከማዕድ ተነስቼ እጄን ሳልታጠብ ይርበኝ ነበር። ከተሠራሁ በኋላ ምሳ ሰዓት መድረሱን በትምህርት ቤቱ ደወል ነው የማውቀው። ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም።

እኛ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ውፍረት በሽታ አይባልም። «ወዝ አለሽ፣ ተመችቶሻል» ነው የምንባለው። ስኳሬ ሲወጣ ማንም አላየኝም። ስከሳ ግን ሰፈሩ ሁሉ «ምን ነካት?» አለ። የባሰ በሽታ ያወሩብኝም አሉ። አንቺንም ያወሩብሻል፣ ከአሁኑ እወቂው። ሐኪሜ የስኳር ኪኒኔን ካስቆመኝ ወዲህ ለወሬው መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

2. ጊዜውን ጾሙን አይተሽ ምረጪ። ይሄን እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ ሌላ ሰው አልመከረኝም። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እኔ ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ተሠራሁ። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ነገር። ጠንከር ወዳለው የምትመለሺው ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይፈለግብሻል። ሆድሽ የሚይዘው ደግሞ ትንሽ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ የጣና ዓሣ ባይኖር በምን እሞላው ነበር? በሁዳዴ ብሠራው ኖሮ በቀጭን ሽሮና በአጥሚት ብቻ ጉልበቴ ያልቅ ነበር።

ለቀጣዮቹ አጽዋማት የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። ሳይቆጡ አዳምጠው «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ የሐኪምሽን ትእዛዝ ጠብቂ፣ በጸሎት በርቺ» አሉኝ። አንቺም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ጸበልም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ እንጂ እንደ ድሮው በጣሳ መጨለጥ የለም። ውሃና ምግብ አብረው አይሄዱም፣ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ።

3. ኢንዶስኮፒ፣ ጨጓራን በካሜራ የሚያየውን ምርመራ፣ ሳያደርጉልሽ ቀን አትቁረጪ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እኛ አገር ብዙ ሰው ላይ ይገኛል፣ ከተገኘብሽ ቀድመው ያክሙሻል። ጉበትሽ እንዲቀንስም ሁለት ሳምንት ያህል ከእንጀራና ከዳቦ ያስወጡሻል። ይሄ ሁሉ ይታለፋል። ያላለፈልኝ የቢሮው ነገር ነው።

መጀመሪያ ዋጋው ይሄን ያህል ነው ብለው በቃል ነገሩኝ። አልጋ ልይዝ ስል የሂሳብ ክፍሉ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የስቴፕለሩ ካርትሬጅ አልተካተተም» አለ። ስቴፕለር ጨጓራውን እየቆረጠ የሚሰፋው መሣሪያ ነው። ያለ እሱ ቀዶ ጥገናው የለም። ታዲያ እንዴት አይካተትም? አባቴ ለማዳበሪያ ያስቀመጡትን ብር ተበድረን ሞላነው። ቀዶ ጥገናው ግን ጥሩ ነበር። ሐኪሙ እጁ ይባረክ፣ በማግስቱ በእግሬ ኮሪደሩን እመላለስ ነበር።

ሲያስወጡኝ የሰጡኝ የመድኃኒት ማዘዣና የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። የተደረገልኝን የሚገልጽ ወረቀት ስጠይቅ «ካርድሽ ላይ አለ» አሉኝ። እኔም ወደ ቤቴ መጣሁ።

ወር ከምናምን ሲሆነኝ ማስመለስ ጀመረኝ። ውሃ እንኳ አልረጋ አለኝ። ባለቤቴ ደግፎ እዚሁ ከተማችን ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ተረኛው ወጣት ዶክተር ነበር። ስሊቭ ነው ወይስ ባይፓስ የሚባለው ሌላው የጨጓራ ቀዶ ጥገና? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፈሳሽ ጠጥተሽ ራጅ ተነስተሻል? ምን ተገኘ? አለኝ። እኔ ደረሰኝ አሳየሁት። ባለቤቴ አዲስ አበባ ደወለ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ «በአካል ካልመጣች አይሰጥም፣ በስልክ አናወራም» ብላ ዘጋችው። በዚያ ሳምንት ደግሞ መንገድ ተዘግቷል። ሰውነቴ ዝሎ አልጋ ላይ የተኛሁ ሰው በየት አድርጌ ነው በአካል የምሄደው?

ያን ወጣት ዶክተር እግዚአብሔር ይስጠው። ነርሷ ግሉኮስ ልትሰቅልልኝ ስትል «ቆይ፣ መጀመሪያ ቢ ዋን» ብሎ እጇን ያዘ። ቢ ዋን የሚሉት ታያሚን ነው። ብዙ ቀን ላስመለሰው ሰው ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ከተሰጠ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሰው ይቀባዥራል። ይሄን ቃል ያዢ። አንቺም ካስመለሰሽ «ስሊቭ ተሠርቻለሁ፣ ታያሚን ይቅደም» በያቸው።

በኋላ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ውክልና ይዞ ሄደ። ከመስኮት መስኮት አንከራተቱት። አንዱ «ከሳችላችሁ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለች?» አለው። እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል። መጨረሻ ላይ አስከፍለው ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጡት።

ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። ዋጋው ስቴፕለሩን፣ ሰመመኑን፣ ላብራቶሪውን ይጨምራል ወይ? ነገሩ ቢበላሽና ዳግም ኦፕራሲዮን ክፍል ብገባ የሚከፍለው ማነው? ከመውጣትሽ በፊት ዲስቻርጅ ሰመሪውን (የተደረገልሽን ሁሉ የሚያጠቃልለውን ወረቀት)፣ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት፣ የኢንዶስኮፒና የተቆረጠውን ክፍል የምርመራ ውጤት በእጅሽ ያዢ። የክፍሉን ብቻ ሳይሆን የሐኪሙን ስልክ ተቀበይ። ሁሉንም ፎቶ አንስተሽ ቴሌግራምሽ ላይ አስቀምጪ። አልሰጥም ካሉሽ ሌላ ቦታ ሂጂ። ሐኪም ቤቱ ከዓባይ ወዲያ ነው፣ አንቺ ወዲህ ነሽ። ችግር ሲመጣ የሚያይሽ የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ፣ ልብሽ በፍጥነት ከመታ፣ ሆድሽን ወይም ግራ ትከሻሽን ከወጋሽ፣ ባትሽ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ዳማከሴ ጨምቀው «ምች ነው» ይሉሻል። እሺ ብለሽ እንዳትተኚ። ለጉልበትሽም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ዝም ብለሽ አትግዢ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ፀጉርሽ ከ3ኛው ወር ጀምሮ ይረግፋል። እኔ ሹሩባዬን ስፈታ ጭብጥ ሙሉ እጄ ላይ ቀርቶ አልቅሻለሁ። አሁን ተመልሷል። ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ግን ዕድሜ ልክ ናቸው። እዚህ የሚጠፉበት ጊዜ ስላለ ስታገኚ ለወራት የሚበቃ ግዢ። መውለድ ካሰብሽ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆይ ይላሉ፣ ከባለቤትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ።

አማትሽን ሐኪሙ ዘንድ ይዘሻቸው ግቢ። የእኔም አማት እንዲያው ነበሩ። ክርስትና ላይ «በሞቴ» ብለው ያቺን የምታውቂያትን ጉርሻ ሲያጎርሱኝ ከደረቴ አጥንት ሥር ተቀረቀረ። ምራቄ እየሞላ፣ ላብ እያጠመቀኝ ወደ ጓሮ ስወጣ ተከትለውኝ ወጥተው አዩ። ከዚያ ወዲህ ሰው «በሞቴ» ሲለኝ የሚከላከሉልኝ እሳቸው ናቸው። የቡና ስኒ ሳህን ላይ ለብቻዬ ያቀርቡልኛል።

ቀን ሲቆርጡልሽ ጻፊልኝ። የሐኪም ቤቱን ጥያቄዎች በዝርዝር ጽፌ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። እንዲፈርሙበት ሁለት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለአንቺ።