መልስ፦ ማታ ማታ መብራት ሲደክም ፍሪጅ ይነቀል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ዳር በሚገኘው ቤትዎ ማታ ማታ መብራቱ ሳይጠፋ እንደሚደክምና ፍሪጁም እንደሚያጓራ ገልጸው፣ መንቀል ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ ይንቀሉት፤ ለሞተር ከመብራት መጥፋት ይልቅ የኃይል ማነስ የከፋ ነውና።

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚደርሰው ኃይል 220 ቮልት እንዲሆን የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ በከተማው ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች ከትራንስፎርመሩ ርቀው በረጅምና ቀጭን ሽቦ ስለሚያገኙት፣ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን በአንድ ጊዜ ሲሰካ ቮልቴጁ መስመሩ ላይ እየወረደ ይመጣል። ወደ 160 ቮልት ከወረደ የምጣዱ ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ እንጀራው ዓይን አላወጣ የሚለውም በዚሁ ሊሆን ይችላል። ምጣዱ ራሱ ግን አይጎዳም። የፍሪጁ ኮምፕረሰር (ሞተሩ) ግን ለመነሳት አቅም ሲያንሰው ከልኩ በላይ ከረንት እየሳበ ይግላል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልም ሊቃጠል ይችላል። የሚሰሙት ማጓራት ምናልባት ይኸው ነው።

ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) የሚገዙ ከሆነ ከስንት ቮልት ጀምሮ እንደሚሠራ በላዩ ከተጻፈው ያረጋግጡ፤ ኃይል ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ ቢሆን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ፦ አንዱ አምፖል ሲደክም ሌላው ከወትሮው በላይ የሚደምቅ ከሆነ፣ የኒውትራል መስመሩ (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ወዲያውኑ ለመብራት ኃይል ያመልክቱ።