ጨቅላ ሕፃን ይዞ ሃይኪንግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከተጓዥ ጓደኞቼ ጋር ከእንጦጦና ከመናገሻ ሱባ አልጠፋም። ሰሞኑን «አራስ ልጄን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ፣ ኦክስጅን ላይ የቆየ ወይም የልብ ችግር ያለበት ከሆነ የእኔን ትታችሁ የሚከታተለውን ሐኪም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ሳምንቷ ነው። በምጥ ነው የወለድኩት፣ ደህና ነኝ። ዳገት መውጣት በጣም ናፍቆኛል፤ መቼ ልጀምር?

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሕፃኑ ነው፤ እኔ ግን ካንቺ ልጀምር። በእርግዝና ጊዜ የላላው መገጣጠሚያ ከወሊድ በኋላ ወዲያው አይጠብቅም፤ ማኅፀንን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎችም ገና ናቸው። ስለዚህ የ6ኛው ሳምንት ምርመራ እስኪያልፍ ደልዳላ መንገድ ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ መራመድ ይበቃሻል። ሰውነትሽ ራሱ ይነግርሻል። ቆሞ የነበረ ደም ከጉዞ በኋላ እንደገና ከጀመረ፣ ወይም ወደ ታች የሚጎትት የክብደት ስሜት ከመጣ አብዝተሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ፣ ካልተሻለሽም ታዪ። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ደግሞ እስከ 6 ሳምንት ከልጇ ክብደት በላይ ምንም አትሸከም። ዳገቱ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ልጄና ምራቴ የ3 ሳምንት ሕፃን ይዘው እንጦጦ እንውጣ ይሉኛል። በእኛ ጊዜ አራስ ከቤት አይወጣም፤ ክርስትና ሳይነሣ ደጅ አይታይም። ምች ቢመታውስ? ንገሪልኝ እስቲ።

እማማ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ እኔም በዚህ በእርስዎ በኩል ነኝ። አራስ ቤት ማለት እናቲቱ የምትታረስበት፣ ገንፎዋን በልታ የምታገግምበት ጊዜ ነው፤ ይህን ያህል ለእናት የሚያስብ ልማድ ያለን መሆኑ ያኮራኛል። ለሕፃኑም ቢሆን ጥቅም አለው። ጨቅላ የበሽታ መከላከያው ደካማ ነው፤ የ6 ሳምንቱን ክትባት እንኳ ገና አልወሰደም፣ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከ9 ወር በፊት አይሰጠውም። ስለዚህ እንጦጦ ፓርክ እሑድ ከሰዓት ሰው በሰው ላይ ሲሆን የ3 ሳምንት ልጅ ይዞ መሄድ አይመከርም።

ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ አየር ራሱ ሕፃንን አያሳምምም። ጠዋት ሰው በሌለበት ግቢ ወይም ሰፈር ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር ቢሉ ችግር የለውም፤ ምራትዎም መንፈሷ ይታደሳል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ድብርት ብዙ እናቶችን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ያገኛቸዋልና ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እንጦጦው ክርስትናው አልፎ ይድረስ ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ አንቀልባ ይሻላል ወይስ የሱቁ ቤቢ ካሪየር? እናቴ ሁላችንንም በአንቀልባ አዝላ ነው ያሳደገችን።

ይህ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። አንቀልባ ላይ ያለ ልጅ እግሩ በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ለዳሌ መገጣጠሚያው ዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩት አቀማመጥም ይኸው ነው። ሁለቱ እግሮች ተጋጥመውና ቀጥ ብለው የሚንጠለጠሉበት ማዘያ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ለዳሌው ጥሩ አይደለም።

ችግሩ ጀርባ ላይ መሆኑ ነው። የጨቅላ አንገት እስከ 4 ወር ገደማ ራሱን ችሎ ጭንቅላቱን አይሸከምም። አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ ጠባቧ የአየር መተላለፊያው ትታጠፋለች፤ ሕፃኑም አያለቅስም፣ አይፈራገጥም፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚታፈነው። ጀርባሽ ላይ ካለ ይህን አታዪውም። ስለዚህ አንገቱ እስኪጠና ድረስ ደረት ላይ፣ ፊቱ ወደ አንቺ፣ ጎንበስ ብትዪ ግንባሩን ለመሳም በሚመችሽ ከፍታ ላይ ይታቀፍ። በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ አፍንጫው ከልብስሽም ከጡትሽም ነጻ ይሁን። ማዘያው ጠበቅ ይበል፤ ከላላ ልጁ እየተንሸራተተ ይታጠፋል። እየሄድሽ ሳለ ደጋግመሽ እዪው፣ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ አብልጠሽ።

አንገቱ ሲጠና ወደ አንቀልባው ተመለሺ፤ ደስ ይላል። ብረት ያለውን የተራራ ጀርባ ማዘያ ግን ያለ ድጋፍ መቀመጥ ሲችል፣ ማለትም ወደ 6 ወር ገደማ፣ አቆዪው።

ጥያቄ፦ ፊቱን በነጠላ ብንሸፍነው ከጸሐይም ከሰው ዓይንም ይጠብቀዋል አይደል?

ፊቱን አትሸፍኑት። ስስ ነጠላም ቢሆን ሕፃኑ ያወጣውን አየር መልሶ እንዲተነፍስ ያደርገዋል፣ ሙቀቱንም ያፍነዋል። ሰው እንዳያየው ከፈለጋችሁ ሰው የማይበዛበትን መንገድና ሰዓት ምረጡ።

ጸሐዩ ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። ብርዱ ያታልላል እንጂ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ የጸሐይ መከላከያ ክሬም ስለማይመከር ያለው መላ ጥላ፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ኮፍያና እጅና እግሩን የሚሸፍን ስስ ልብስ ነው። ቤት ውስጥ የለመድነውን የማለዳ ጸሐይ ማሞቅ አልቃወምም፤ አጥንት የሚያለሰልሰው የሪኬትስ በሽታ አገራችን ውስጥ ገና አልጠፋምና። ግን በማለዳው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ዓይኑ ተከልሎ፣ ቅቤም ሳይቀባ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከፍታው አይጎዳውም? እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ባሌም የመሄድ ሐሳብ አለን።

አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ጤነኛ ሕፃን ከ6 ሳምንቱ በኋላ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ወደ 3,000 ሜትር፣ ለምሳሌ እንጦጦ፣ ወጥቶ ቢመለስ አያሳስበኝም። ባሌ ግን ሌላ ነው። የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ መኪና እስከዚያ ስለሚወስድ ሰው ከፍታውን ይረሳዋል። ስሜንም ያው ነው። የጨቅላ የሳንባ ደም ሥሮች ከማኅፀን ኑሮ ወደ ውጭው ገና እየተላመዱ ስለሆነ የኦክስጅን ማነስ ክፉኛ ይጎዳቸዋል። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ይላል፤ ሕፃን የሚችለው መነጫነጭ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው። ይህ ከፍታ ላይ ከታየ ሌላ ምክንያት ሳትፈልጉ ወዲያው ውረዱ። ሳነቲንና ስሜንን ለሌላ ዓመት አቆዩልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ዴንቨር ነኝ። ልጃችን 2 ወሯ ነው፤ ሮኪ ማውንቴን ፓርክ ልንሄድ ነበር።

ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ፓርኩ ውስጥ ያለው የትሬይል ሪጅ መንገድ ደግሞ ከ3,700 ሜትር ያልፋል። በመኪና ይህን ያህል በአንድ ጠዋት መውጣት ለ2 ወር ልጅ ብዙ ነው። ታች ባሉት መንገዶች ላይ ተጓዙ፣ ማደሪያችሁም ዝቅ ያለ ቦታ ይሁን። ቁልቁል ስትነዱ ጆሮዋ ስለሚታፈን መኪናውን አቁማችሁ ጡት ስጧት፤ መዋጡ ይከፍትላታል። መኪናው እየሄደ ግን ከወንበሯ አታውጧት።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ውሃ ይጠማዋል ብዬ ትንሽ ጠብታ ብሰጠው? አብሽስ?

አይ፣ ሁለቱንም አትስጪው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ በሙቀትም በዳገትም ቢሆን ያው ነው። ጨቅላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ ጉዞው በእሱ ሰዓት ይመራ፤ ውሃውን አንቺ ጠጪ፣ ዳቦና ቆሎም ያዢ። ዳይፐሩ እንደ ወትሮው ከረጠበ በቂ እያገኘ ነው።

ፎርሙላ የምትሰጡ፣ ውሃውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ፤ ዱቄቱን ለብቻው። ሲበጠበጥ ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም፣ ከዚያ ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አብርዱት። ሁለት ሰዓት ካለፈው ድፉት። ያገለገለውን ዳይፐር በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ጫካ ውስጥ ተጥሎ ሳይ ልቤ ያዝናል።

ጥያቄ፦ ወንጪ ፈረስ ላይ ሆኜ ባቅፈውስ?

አይሆንም። ፈረስ ይደነግጣል፣ አንቺም በአንድ እጅ ነው የምትይዢው። ታንኳውም ይቅር፤ ለጨቅላ ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት አይገኝም።

ጥያቄ፦ ላንጋኖ ደግሞ?

ከፍታው ዝቅ ያለ ነው፤ እዚያ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው አገራችን ወባማ ስለሆነ ከምሽት በፊት ገብታችሁ በአጎበር ውስጥ አስተኙት። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ አትጠቀሙ።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። እኔ ልዘለው ብል ሚስቴ «ታበርደዋለህ» ትለኛለች። ስንት ልብስ ላድርግለት?

ወንድሜ፣ እቀፈው! አንተ ከለበስከው አንድ ድርብ ጨምርለት፤ ማዘያውና የደረትህ ሙቀት ግን እንደ አንድ ልብስ ይቆጠራሉ። እጁና እግሩ ቢቀዘቅዝ አትደንግጥ፣ የምትነካው ማጅራቱን ነው፤ ላብ ካለው አውልቅለት፣ ከቀዘቀዘ ጨምርለት። በጋቢ ጠቅልሎ ማፈን ከብርዱ ባልተናነሰ ይጎዳል። ሌላውን ሸክም ለሚስትህ ሳይሆን ለጓደኛ ስጥ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርግ፣ ቁልቁለት ላይ ዱላ ያዝ። አትሩጥ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው «ይህ የሐኪም ነው» የምንለው?

ከ3 ወር በታች ላለ ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌላ ምልክት ሳትጠብቁ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት። አልጠባም ካለ፣ ሰውነቱ ከላላ፣ ለማንቃት ካስቸገረ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ከተሰረጎደ፣ ወይም ተረጋግቶ ሳለ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አንድ ሰዓትም አትዘግዩ። እርግብግቢቱ ከጎደጎደና ሽንቱ ከቀነሰም ፈሳሽ አጥሮታል። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁት።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የት ትመክሪናለሽ?

ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል። መንገዱ ግልጽ ነው፣ ጥላ አለው፣ መኪናችሁም ሩቅ አይሆንም። በሥራ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ገብታችሁ ጸሐዩ ሳይበረታ 4 ሰዓት ላይ ውጡ። ከገባችሁበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ መመለስ የምትችሉትን ያህል ብቻ ራቁ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ስለሚያንሸራትት መስከረምን ጠብቁ።