ስለ አጋንንት አመጣጥ ለጠየቅሽው እኅታችን

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አጋንንት ከየት መጡ? ከሳጥናኤል ጋር የወደቁት መላእክት ናቸው ወይስ መጽሐፈ ሄኖክ እንደሚለው የረዐይት (የግዙፋኑ ሰዎች) መናፍስት? ወንድሜ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ጠበል ቦታ ሲወስዱት ‹የሟች አያታችሁ ነፍስ ነኝ› እያለ ይለፈልፋል፤ ይህ ሊሆን ይችላል?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ወንድሞች የጠቀሱት ጥቅስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቤታችሁን ጭንቀት አልነኩትም። ይህ ነገር በእኛም ቤት ደርሷል፤ ስለዚህ የሚጠቅምሽን በተራ ቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1ኛ፦ የአያታችሁ ነፍስ አይደለችም። በዚህ እንቅልፍሽን አትጪ። ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህንኑ አንሥቶታል፤ በእርሱም ዘመን አጋንንት «የእገሌ ነፍስ ነኝ» ይሉ ነበርና። መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፦ ማታለል ነው፤ ከሥጋ የተለየች ነፍስ በምድር አትንከራተትም። በሉቃስ 16 ያለው ባለጸጋ ወንድሞቹን እንዲያስጠነቅቅ አልዓዛር ይላክልኝ ብሎ ለመነ እንጂ ራሱ መምጣት አልቻለም። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፣ መልከ መልካሞቹን 15ቱን ከፈጣሪ ደበቀቻቸው፣ እነርሱም ተሰውረው ቀርተው ዛር ሆኑ የሚለውንም ሰምተሽ ይሆናል። ቡና ሲፈላ የሚወራ ተረት ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታስተምርም፤ የሰው ዘር ጋኔን አይሆንም።

2ኛ፦ አጋንንት መላእክት ነበሩ። በእኛ መጻሕፍት እንደ ተማርነው እግዚአብሔር መላእክትን በዕለተ እሑድ በመቶ ነገድ ፈጠራቸው፤ ከፈጠራቸውም በኋላ ተሰወራቸው። «ማን ፈጠረን?» ሲባባሉ ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ። ያመኑት ነበሩ፣ የተጠራጠሩም ነበሩ፤ ቅዱስ ገብርኤል ግን «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» ብሎ አጸናቸው። አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት እንቁም ማለት ነው። ይህን ቃል ልብ በዪልኝ፤ ለወንድምሽ ጉዳይ ያስፈልግሻል። የሳጥናኤል የመጀመሪያ ሥራ ስለ ተፈጥሮ አመጣጥ መዋሸት ነበር፤ የጸኑት ደግሞ የጸኑት ያልመረመሩትን ቃል ባለመቀበላቸው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ነገር አለ። ክፉ ሆኖ የተፈጠረ አንድም የለም። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው የእንጦንስ ገድል ውስጥ አባ እንጦንስ ለመነኮሳቱ ይህንኑ ይነግራቸዋል፦ እነርሱም መልካም ሆነው ተፈጥረው ነበር፣ ከሰማያዊው ጥበብ ወደቁ። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1215 በላተራን ጉባኤዋ ተመሳሳይ ቃል ወስናለች። ይሁዳ በመልእክቱ «መኖሪያቸውን የተዉ» ሲል የራሳቸው ፈቃድ እንደ ነበረ ያሳያል። እንግዲህ ጋኔን የእግዚአብሔር ተቀናቃኝ የሆነ ሁለተኛ አምላክ አይደለም፤ ሥልጣኑ የተለካበት የወደቀ ፍጡር ነው። በጌርጌሴኖን ወደ እሪያዎቹ ለመግባት እንኳን ፈቃድ የለመነ ነው።

3ኛ፦ ስለ ሄኖክ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን በግእዝ የተጠበቀው በእኛ ዘንድ ነው፤ ከ81ዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍታችን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «ተረት ነው» ያለሽን ሰው አትስሚው። በያሬድ ዘመን ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ እንደ ወረዱ፣ ከሴቶች ረዐይትን እንደ ወለዱ፣ ከረዐይቱም ሥጋ የወጡት መናፍስት ክፉዎች መናፍስት እንደ ተባሉ ይናገራል። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ አጋንንት የእነዚያ መላእክት ልጆች ናቸው ብሎ ጽፏል። በኋላ ግን ዮሐንስ አፈወርቅም አውግስጢኖስም መላእክት ሴት አገቡ የሚለውን አልተቀበሉም። የእኛም መተርጕማን በዘፍጥረት 6 ላይ «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት ደቂቀ ሴት፣ ማለትም የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው ይላሉ፤ መላእክት አያገቡምና። ስለዚህ ጥያቄሽ አዲስ አይደለም፤ ታላላቆቹም ተለያይተውበታል። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፦ ሐሰተኞች ናቸው፣ ፍርድም ይጠብቃቸዋል።

4ኛ፦ መንፈሱን አትጠይቁት። «ማን ነህ? ከየት መጣህ? ማን ላከህ?» አትበሉት፤ ሌላ ሰውም እንዲጠይቀው አትፍቀዱ። የእኛ ቤት የፈረሰው በዚህች ጥያቄ ነው።

ታናሻችን ሁለተኛ ደረጃ ስትማር መውደቅ ጀመረች። አረፋ ትደፍቃለች፣ ስትነቃ የሆነውን አታስታውስም። አባታችን እምነቱ ጠንካራ ነበርና ጠበል ወሰዳት፤ ይህ መልካም ነበር። በጠበሉ ስፍራ ግን ካህን ያልሆነ፣ ማንም ያልሾመው፣ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ነበር። በጾም የደከመችውን፣ እንቅልፍ ያጣችውን ልጅ በመቁጠሪያ እየመታ «ማን ነው የሰደደህ?» ይላታል። እርሷ ዝም ስትል ይደግማል። በመጨረሻ የአክስታችንን ስም ጠራች፤ የአባታችን ታላቅ እኅት፣ እኛን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት። «የአያታችሁ ዛር በእርሷ በኩል ገባ፤ በቡና ስኒ ሰጠችኝ» አለች። ሕዝቡ እልል አለ። አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ነበርና ሰፈሩ ሁሉ በኢንተርኔት አየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስታችን ቡዳ ተባለች። አባታችን በሩን ዘጋባት። ሰላምታዋን አልመልስ ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ በእድር ድንኳን ውስጥ ከእርሷ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። እናታችን ወርቋን ሸጣ ገንዘቡን ለዚያ ሰው ሰጠች፤ ታናሻችን ግን መውደቋን አላቆመችም። አባታችን በዚሁ ላይ አረፈ። እኅቱ ለቀብሩ መጥታ ከአጥር ውጭ ቆማ ነው ያለቀሰችው። ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቃውሜ ነበር፤ ታናሽ ስለሆንኩ አልተሰማሁም። ካህን እንዲመደብልንና ያ ሰው እንዲጠየቅ ለማመልከት ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል «በጠበል የምትጠራጠር መናፍቅ ነህ?» አለኝ። ማመልከቻዬን አላነበበውም። የሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ አምጣ አለኝ። ጠበሉን አልተጠራጠርኩም ነበር፤ የተጠራጠርኩት ጋኔን የሰጠውን ምስክርነት ነው። ይህን ልዩነት ለመስማት ጊዜ ያለው ባለሥልጣን አላገኘሁም።

ጊዜ የነበራቸው ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው። ጭቅጭቁን ሰምተው ጠሩኝና «ልጄ፣ ጌታ ሐሰተኛና የሐሰት አባት ያለውን፣ እናንተ በገዛ አክስታችሁ ላይ ምስክር አድርጋችሁ ጠራችሁት?» አሉኝ። ከዚያ ማርቆስ 1፥34ን አወጡልኝ፤ አጋንንት ያውቁት ስለ ነበር እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። የሐዋርያት ሥራ 16ንም ጨመሩልኝ፤ በፊልጵስዩስ ያለችው የምዋርተኛነት መንፈስ ያደረባት ገረድ ስለ ጳውሎስ የተናገረችው እውነት ነበር፤ እርሱ ግን ተበሳጭቶ ዝም አሰኛት። እውነት ሲናገር እንኳን ካልተሰማ፣ ሰው ሲከስስ እንዴት ይሰማል? ገብርኤል ያለውን «በያለንበት እንቁም» የሚለውንም ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው፤ ያልመረመራችሁትን የመንፈስ ቃል አትቀበሉ ማለት ነው። ይህን ትምህርት ለእናቴ ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ፤ በመጨረሻ ተቀብላኛለች፤ በዚህም እኮራለሁ።

መሪጌታው ሌላም ነገር አሳዩኝ። መጽሐፈ ኩፋሌ 10 ላይ የክፉዎች መናፍስት አለቃ መስቴማ ከክፉዎቹ መናፍስት ዐሥረኛው እጅ እንዲቀርለት ሲለምን፣ ዘጠኙ እጅ ሲታሰሩ ታነቢያለሽ። ያው ምዕራፍ ከዚያ ቀጥሎ መላእክት ለኖኅ የበሽታዎቹን መድኃኒት፣ በምድር ዕፅዋት እንዴት እንደሚፈውስ እንዳስተማሩት ይናገራል። ስለ አጋንንት የሚናገረው መጽሐፍ ራሱ መድኃኒትን የሰማይ ስጦታ ያደርገዋል! ማቴዎስም በ4፥24 አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን) ለይቶ ይጠራል። በምዕራፍ 17 ጋኔን ያሠቃየው ልጅ በጨረቃ የሚነሣበት እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ጋኔን በሽታ አያመጣም አልልም። ሁሉም የወደቀ ሰው ጋኔን አለበት የሚለውን ግን ወንጌሉ አይደግፈውም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል።

ታናሻችንን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ተጀመረላት። በተሾመ ካህን እጅ ጠበሏንም አላቋረጠችም፤ ጠዋት ተጠምቃ፣ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ኪኒኗን ትውጣለች። ዛሬ ልጆች ታስተምራለች። አክስታችንን ይቅርታ የጠየቀቻት እርሷው ራሷ ናት፤ ስሟን መጥራቷን ባታስታውሰውም እግሯ ላይ ወደቀች። አባታችን ግን ያን ሳያይ ሄደ።

አሁን ወደ አንቺ። ወንድምሽን የንስሐ አባታችሁ በሚያውቁት ካህን ብቻ ይጠመቅ። ማንም እንዳይቀርጸው፤ ስልክ ያወጣ ሰው ካለ አስቆሚው። የመንፈሱን ቃል ወደ ቤት ይዘው የሚመጡ ዘመዶች ካሉሽ ይህን ጽሑፍ አንብቢላቸው፤ የዘመድ ወይም የጎረቤት ስም ከተጠራ ደግሞ ያ ሰው ከሌላ ከመስማቱ በፊት ራስሽ ሄደሽ አነጋግሪው። ቀጠሮ ያዙና ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ ማንም «እምነት ጎደለህ» ብሎ እንዳያስቆመው፤ በድንገት ማቆሙ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። እስከዚያ ድረስ በወደቀ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን ያህል እንደ ቆየ፣ የትኛው እጁ ቀድሞ እንደ ተንቀጠቀጠ በደብተር ጻፊ፤ እኛን ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን እርሱን ነው።